ቦዮ ዳር የተቀመጥነው ለቅሶ

ሰው ፀጉሩ እስኪሸብት የራሱ ነው። ከሸበተ በኋላ የሰፈሩ ይሆናል። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ የለም። ጡረታ ስወጣ ያሰብኩት አርፍጄ ልነሳ፣ ፀሐይ እየሞቅሁ ሳላነብባቸው የቀሩ መጻሕፍት ላነብ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወጣ ብዬ ከእኩዮቼ ጋር አገር ላማ ነበር። የሆነው ሌላ ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ እኔ እጠራለሁ። ወንድማማቾች በአጥር ሲካሰሱ እኔ እጠራለሁ። ጎረምሳ ሚስት ሲያምረው፣ ያማረችውን ልጅ የምለምንለት እኔ ነኝ። «ሽበት ያለው ሰው ያስፈልገናል» ይሉኛል በሬ ላይ ቆመው። ልብ በሉ፤ ብልሃት ያለው አላሉም፣ አስተዋይም አላሉም። የፈለጉት ሽበቱን ነው። ፀጉሬን በጊዜ ሂና ተቀብቼው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ጤነኛ ወገብ ይኖረኝ ነበር።

ሽምግልና ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሄዶ «ልጃችሁን ለልጃችን» ብሎ መመለስ ነው። ግን ሥርዓት አለው። ሥርዓቱን ከማን እንደወሰድነው በውል የሚያውቅ የለም፤ ሆሳዕና ሀዲያውም፣ ከምባታውም፣ ጉራጌውም፣ በሥራ ተመድቦ መጥቶ የቀረውም ሁሉ የየቤቱን ወግ ያዋጣባት ከተማ ስለሆነች፣ አሁን ማን ምኑን እንዳመጣ መለየት አይቻልም። ብቻ ልጅ ሊለምን የሚሄድ ሽማግሌ በማለዳ ይሄዳል፤ የቤቱ ጌታ ወደ ሥራው ሳይወጣ ለመድረስ። ፀሐይ ቢያቃጥልም ጋቢ ይደርባል። ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። ከሁሉም በላይ አይስቅም። ሳቂታ ሽማግሌ ልጅቷን ያቀልላታል፤ ገበያ የወጣ ያስመስላል። ስለዚህ ፊታችንን ገና ከቤታችን አኮማትረን ነው የምንነሳው። እኔ በበኩሌ ብዙ መድከም አያስፈልገኝም፤ ወገቤ ያግዘኛል።

ይህን ሁሉ ያልኩት ስለ ጴጥሮስ ላወራችሁ ነው። ጴጥሮስ የጎረቤቴ ልጅ ነው። አባቱ የሞተው እርሱ ገና ዳዴ ሲል ነውና እናቱ ናት ለብቻዋ ያሳደገችው። አሁን ከከተማው ወጣ ብሎ ጊምቢቹ ያስተምራል። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጨዋነቱ እንዲያውም አንዳንዴ ያሰለቻል። ይህ ልጅ ማርታ የምትባል ነርስ ወደደ። ማርታ እዚሁ ሆሳዕና ጤና ጣቢያ ትሠራለች፤ አባቷ አቶ ሱላሞ ግን ቦዮ ሐይቅ ዳር ጀልባ የሚሠሩ ሰው ናቸው። ልጅቷም ልጁን ወዳዋለች፤ ነገር ግን ያለ አባቷ ቃል አታገባም። አባቷ ደግሞ አንዴ እምቢ ካሉ አሉ ነው። በሌላው ቤት የመጀመሪያው እምቢታ የወግ ነው፤ ሽማግሌውም ያውቀዋል፣ እምቢ ባዩም ያውቀዋል፣ ተያይተው ይለያያሉ። አቶ ሱላሞ ግን ከዚህ በፊት ከሌላ ወገን የመጡ ሽማግሌዎችን መልሰው፣ ሰዎቹ ሁለተኛ ሲመጡ በር አልከፈቱም ተብሏል። እንግዲህ የጴጥሮስ ዕድል አንድ ነበር። እናቱ እጄን ጭምቅ አድርጋ ይዛ «መምህር፣ እርስዎ ይግቡበት» አለችኝ።

ገባሁበት። አገባቤን ትሰማላችሁ።

አብረውኝ የሄዱት ጋሽ ሄላሞና ሐጂ ከድር ናቸው። ጋሽ ሄላሞ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ገበታ ቀርቦ እርሳቸው ሲጸልዩ ወጡ ይረጋል። አንደበታቸው ግን ማር ነው፣ እንባቸውም ቅርብ ነው። ስለዚህ ንግግሩን ለእርሳቸው ሰጠን። ሐጂ ከድር መናኸሪያው አጠገብ ምስማር፣ ገመድና ሬንጅ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። አቶ ሱላሞ ለጀልባ የሚሆናቸውን የሚሸምቱት ከእርሳቸው ነው። ያም ብቻ አይደለም፤ ማርታ የምትኖረው ሐጂ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይታ ነው። አባቷ ራሳቸው ይዘዋት መጥተው «አደራ» ብለው ነው ያስረከቧት። ከእርሳቸው የተሻለ አማላጅ ከየት ይመጣል? ሐጂ ካሉበት ነገሩ አለቀ አልን። አሁን ሳስበው፣ ነገሩን ያበላሸው የሐጂ መኖር ነው።

ጎህ ሲቀድ በኮንትራት ሚኒባስ ተነሣን። ቦኖሻን አልፈን፣ መንገዱ መኪናውን እምቢ ያለበት ቦታ ስንደርስ ወርደን በእግር ቀጠልን። እኔ ጂኦግራፊ ሳስተምር ነው ያረጀሁት፤ ቦዮን በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስስል ኖሬአለሁ። በክረምት ይሰፋል፣ በበጋ ይሸሻል፣ ጉማሬ አለበት፣ እላለሁ፤ ልጆቹ ይጽፋሉ። ዳሩ ላይ ግን ቆሜ አላውቅም ነበር። መምህር ስትሆኑ እንዲህ ነው፤ አገሩን ሁሉ ታውቁታላችሁ፣ የትም አልሄዳችሁም።

መንደሩ መግቢያ ላይ «ታሪካዊ የዓሣ አጥማጆችና የጀልባ ሠሪዎች መንደር» የሚል ሰሌዳ ቆሟል። ቀለሙ ለቋል፤ ከሥሩ ፍየል ታስራለች። ታሪክ በእኛ አገር እንዲህ ነው፤ ሰሌዳ ይቆምለታል፣ ከዚያ ፍየል ይታሰርበታል። ታሪኩ ግን ውሸት አይደለም። የአቶ ሱላሞ አያት የሠሩት ጀልባ ዝዋይ ድረስ ሄዷል ይባላል፤ በኋላ ዘመን ደግሞ በአይሱዙ እየተጫነ ወደ ሐዋሳ የሚሄድም ነበር። አሁን ሐይቁም በየዓመቱ እየሸሸ፣ ዓሣውም እያነሰ፣ ልጆቹም ወደ ደቡብ አፍሪካ እየተሰደዱ፣ መዶሻ የሚሰማው ከአንድ ሁለት ቤት ብቻ ነው። ዕድሜአቸውን የጨረሱት ጀልባዎች በየግቢው ሌላ ሥራ ይዘዋል። አንዷ ተገልብጣ የዶሮ ቤት ሆናለች። አንዷ ለከብት ውኃ ማጠጫ ገንዳ ናት። አንዷ በር ላይ ተጋድማ አግዳሚ ወንበር ሆና ታገለግላለች። ጡረታ ወጥተውም አላረፉም። ወዲያው ተዛመድናቸው።

ቤቱ ስንደርስ ሰው የለም። «ውኃው ዳር ናቸው» አለን መንገደኛ። ወረድን።

ውኃው ዳር ያየነውን ልንገራችሁ፤ ፍርዱን ለእናንተ እተወዋለሁ። ወንዶቹ ሣሩ ላይ ኩርምት ብለው ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ስበው ለብቻ ተሰብስበዋል። የሚናገር ሰው የለም። አቶ ሱላሞ እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ ደግፈው ውኃውን ትኩር ብለው ያያሉ። ውኃው ውስጥ ደግሞ፣ ከዳሩ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ፣ አንዲት ጀልባ ሰጥማለች። አዲስ ናት፤ እንጨቷ ገና ነጭ ነው። አፍንጫዋ ብቻ ብቅ ብሏል።

ሐጂ ከድር «ኢና ሊላሂ» አሉ በለሆሳስ። ጋሽ ሄላሞ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ምን ይጠየቃል? አዲስ ጀልባ ሰጥሟል፣ ሰዉ በዝምታ ተቀምጧል፣ ሴቶቹ ተከናንበዋል። ሰው ሞቷል።

ለምን አልጠየቃችሁም ትሉኝ ይሆናል። እናንተ ትጠይቁ ነበር? ለቅሶ ላይ ደርሶ «ማን ሞተ?» ማለት በየትኛው አገር ነው የተለመደው? ደርሰህ ትቀመጣለህ፣ ታቀረቅራለህ፣ የሟቹ ስም ቀስ ብሎ ከአልቃሽ አፍ ሲወጣ ያን ጊዜ ታውቃለህ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ደግሞ ሐዘን ባለበት ቤት የጋብቻ ወሬ አይነሳም፤ ይህ ከሥርዓቶች ሁሉ በላይ ነው። ስለዚህ ሰላምታም ሳንሰጥ፣ ጉዳይም ሳንናገር፣ ሦስታችን ጋቢያችንን ሰብስበን ሣሩ ላይ ተቀመጥን። ፊታችን እንደሆነ ከቤት ተኮማትሮ ነው የመጣው።

አሁን ደግሞ ከእነርሱ ወገን ሆናችሁ እዩት። ልጃቸውን አደራ ያሏቸው ሐጂ ከድር፣ በማለዳ፣ ከሆሳዕና፣ ጋቢ የለበሱ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ። ማንንም ሰላም ሳይሉ ተቀምጠው አቀረቀሩ። በአገራችን እኛ በምንሄድበት ሰዓት፣ እኛ በምንለብሰው ልብስ፣ እኛ በምንይዘው ፊት የሚሄድ ሌላ መልእክተኛ አለ። መርዶ ነጋሪ ነው። እኔ ያን ጊዜ ያላወቅሁት ነገር ደግሞ ነበር፤ የአቶ ሱላሞ የመጀመሪያ ልጅ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ እዚያው ቀርቷል። መርዶው የመጣው እንዲሁ በማለዳ፣ እንዲሁ ጋቢ በለበሱ ሽማግሌዎች ነው። እኛ ለእነርሱ ሟች እያዘንን ተቀምጠን፣ እነርሱ የራሳቸውን ሟች ከእኛ ይጠብቁ ነበር።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶች። ይነቅዛል። ቦዮ ዳር ሲነቅዝ አይቻለሁ።

አቶ ሱላሞ ቀስ ብለው ተነሥተው ወደ እኛ መጡ።  ሐዘኑ ነው አልኩ።

«ሐጂ» አሉ፣ «ከሆሳዕና ነው?»

«ከሆሳዕና ነው» አሉ ሐጂ ቀና ሳይሉ።

«ስለ ማርታ ነው የመጣችሁት?»

ንግግሩ የጋሽ ሄላሞ ነበርና ሐጂ ወደ እርሳቸው ተመለከቱ። ጋሽ ሄላሞ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስለ እርሷ ነበር፣ ወንድሜ» አሉ። «ግን እንዲህ ባለ ቦታ እንዴት አድርገን እናነሳዋለን። እርሱ ይቆየን። መጀመሪያ ጌታ ያጽናናችሁ።»

ጥሩ ተናገሩ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

የማርታ እናት ወይዘሮ አየለች ጮኹ። እንዲያ ያለ ጩኸት አልገልጸውም፤ የሰማው ያውቀዋል፣ ያልሰማው አይስማው። ሴቶቹ ተነሥተው ያዟቸው። ማዶ መረብ ሲጥሉ የነበሩት እየቀዘፉ መጡ። ከላይ ከቤቶቹ በኩል ሰው እየሮጠ ወረደ። ሮጦ የደረሰው ሁሉ ሳይጠይቅ ያለቅሳል፤ እርሱም እንደኛው ጨዋ ነው። የጋሽ ሄላሞ እንባ መውረድ ጀመረ፣ ሐጂም መሐረባቸውን አወጡ፣ እኔም አለቀስኩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። ከወግም ካለቀሱ አይገድም።

እያለቀስኩ ሳለ የወይዘሮ አየለች ሙሾ ቃል በቃል ይሰማኝ ጀመር። «ማርታዬ፣ ነጭ ልብስሽን ሳልጠግበው» ይላሉ። «ወንድምሽን ባንቺ ረስቼው ሳለሁ» ይላሉ።  ለካ የሰጠመችው ማርታ ናት! ልንለምናት የመጣናት ልጅ ቀድማን ሞታለች። ያን ጊዜ የታየኝ ጴጥሮስ ነው። ይህንኑ ጋቢ እንደለበስን ተመልሰን እርሱ ደጅ መሄዳችን ነው። እጄን ይዛ የነበረችው እናቱ ከሩቅ አይታን፣ ከአካሄዳችን ልታውቀው ነው። እዚያ ላይ ያለቀስኩት የወግ አልነበረም።

ሐጂ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «መምህር፣ ትናንት ማታ እኮ ለሌሊት ተራዋ ስትወጣ በር ላይ ሰላም ብላኛለች። መቼ መጥታ ነው?»

 አቶ ሱላሞ ለብቻቸው ቆመዋል፤ አያለቅሱም፣ ፊታቸውን ለሁላችንም ነስተው ውኃውን ያያሉ። ነውሩን ዋጥ አድርጌ ሄድኩና በቀስታ ጠየቅኋቸው።

«አቶ ሱላሞ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መቼ ነው የሰማችሁት?»

«ምኑን?»

«የማርታን።»

ዞረው አዩኝ። «አሁን ነዋ።»

«ከማን?»

«ከእናንተ» አሉ።

 

«እኛ ደግሞ» አልኩ፣ «ከእናንተ ነው የሰማነው።»

አቶ ሱላሞ ክንዴን ያዙ። ጣታቸው ጠንካራ ነው፤ ምልክቱ ብዙ ቀን ቆይቶብኛል። «ልጄ ሞታለች ወይስ አልሞተችም?» አሉኝ። ትናንት ማታ በደህና ወደ ሥራዋ እንደወጣች ሐጂ አይተዋል አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ግን ምለን ልንነግራቸው አልቻልንም። ስልኳ ተደወለ፤ ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቷል።

አንድ የተጀመረ ለቅሶ ማስቆም ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ለቅሶ ፍሬን የለውም። «አልሞተችም» ስንል ሰዉ ይበልጥ አለቀሰ። ወይዘሮ አየለችማ ጨርሶ አላመኑንም። «ስለ ወንድሟም መጀመሪያ ታሟል ነው ያሉኝ» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ መርዶ እንዲያ ነው የሚነገረው፣ በቁራጭ በቁራጭ። ደግነታችንን ለምደው ሐቁን ከእኛ አፍ መቀበል አቃታቸው። ድምጿን ካልሰማሁ አሉ።

ሐጂ ከድር ኔትዎርክ ሳይቆራረጥ የሚገኝበት ኩይሳ አለ ተብለው እዚያ ላይ ወጡ። ሸምግለዋል፣ ሰውነታቸውም ከባድ ነው፤ ሁለት አጥማጆች ከኋላ ደግፈዋቸዋል። ባለቤታቸው ጋ ደውለው የማርታን በር እንዲያንኳኩ ላኳቸው። መንደሩ በሙሉ አንገቱን አቅንቶ ኩይሳው ላይ የቆሙትን ሐጂ ያይ ጀመር። መሀል ላይ የእኔ ስልክ ጮኸ። ጴጥሮስ ነው። «መምህር፣ እሺ አሉ?» አለኝ በጉጉት። ቆይ ብዬ ዘጋሁበት።

አጠገቤ የቆመው አጥማጅ ያን ጊዜ ዞር አለና «ቆይ፣ እናንተስ ስትመጡ ለማን ነበር የምታለቅሱት?» አለኝ። ጀልባ ሰጥሞ ሰው የሞተ መስሎን ነው አልኩት። ጀልባዋን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ።

«እዚህ ውኃ ውስጥ?» አለኝ። «በዚህ ወራት እኮ ከወገብ አያልፍም። እዚህ ለመስጠም ሰውየው መተኛት አለበት።»

ነገሩ ወዲህ ነው። አዲስ ጀልባ ተሠርቶ ሲያልቅ፣ በሳንቃው መሀል ያለው ስንጥቅ በጨርቅና በሬንጅ ይጠቀጠቃል፤ ከዚያ ድንጋይ ተጭኖበት ሆን ተብሎ እንዲሰጥም ይደረጋል። ውኃ ይጠጣ ይሉታል። እንጨቱ ጠጥቶ ሲያብጥ ስንጥቁ ይገጥማል። ሲሰጥም ደግሞ አረፋ የሚወጣበት ቦታ ካለ እዚያ ላይ ስፌቱ ደካማ ነው ማለት ነው። ያን ለማየትና ለመስማት ሰዉ ሁሉ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ቤተሰቡም ጎረቤቱም። ሴቶቹ የተከናነቡት ብርድ ስለሆነ ነው። አቶ ሱላሞ እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ ያደረጉት ጀልባ ሲያዩ ሁልጊዜ እንዲያ ስለሚያደርጉ ነው። ሐጂ ከድር ምስማሩን በኪሎ ሲሸጡላቸው ኖረዋል፤ ምስማሩ የት እንደሚገባ ግን ጠይቀው አያውቁም። እኛ ሰው አንጠይቅማ።

የሐጂ ስልክ ጠራ። አዳመጡ። ከኩይሳው ላይ እንዴት እንደወረዱ አላየሁም፤ ብቻ ስልኩን ወይዘሮ አየለች ጆሮ ላይ ሲለጥፉት አየሁ። ድምጽ ማጉያው ተከፍቶ ነበርና ሁላችንም ሰማን። ማርታ ናት፤ ሌሊቱን ስትሠራ አድራ ገና መተኛቷ ነው፤ ድምጿ ሻካራ ነው፤ ተቆጥታለች። «ምን ሆናችሁ ነው እናንተ? በሩን ሊሰብሩት እኮ ነው» አለች።

ወይዘሮ አየለች «አንቺ ባለጌ፣ ስልክሽን ለምን ትዘጊያለሽ?» ብለው እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ያለቀሱት ከመጀመሪያው ይበልጣል።

አቶ ሱላሞ ስልኩን አልተቀበሉም። ሱሪያቸውን እንኳ ሳይሰበስቡ ውኃው ውስጥ ገቡ፤ የጀልባዋን አፍንጫ ይዘው ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆሙ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ሁላችንም አየን፤ ሁላችንም ሌላ ሌላ ነገር ማየት ጀመርን። አንዳንዱ መሳቅ ይፈልጋል፣ ያፍራል። ከሩቅ መንደር ዘግይተው የሰሙት ደግሞ ገና እየጮኹ ከኮረብታው ይወርዳሉ፤ ሰው ተልኮ መንገድ ላይ ዝም ማሰኘት ነበረበት። ጀልባዋም ሰው ሳያያት ጠጥታ ጨርሳለች። አረፋው የት እንደወጣ ያየ የለም። ወጥታ፣ ደርቃ፣ እንደገና ልትሰጥም ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ ጋሽ ሄላሞ ተነሡ። ጋቢያቸውን ሳብኩ፤ አልሰሙኝም። የተላከ ሰው መልእክቱን ሳያደርስ አይመለስም ብለው ያምናሉ። አቶ ሱላሞ ከውኃው እንደወጡ፣ ውኃው ከሱሪያቸው እየተንጠባጠበ፣ ስለ ጴጥሮስ ትዳር ፈላጊነትና ስለ ጨዋነቱ፣ ስለ እናቱም ልፋት በማር አንደበታቸው አንድ በአንድ ነገሯቸው። አቶ ሱላሞ እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ጋሽ ሄላሞ» አሉ፣ «ልጄን ገና አሁን ነው ያገኘኋት። ፀሐይዋ እንኳ ሳትሞቅ ስጠን ትሉኛላችሁ?»

እምቢ አላሉም። እሺም አላሉም። ተመለስን። በመንገድ ላይ ሐጂ ብቻ አንዴ «ኩይሳው ላይ ጉልበቴ ተጎድቷል መሰለኝ» አሉ።

ጴጥሮስ መናኸሪያ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። የሆነውን ስነግረው ፊቱ ቀስ በቀስ አመድ መሰለ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ በተሻለኝ ነበር። «እንግዲህ ቀረ ማለት ነው» ብቻ አለ። አሁንም በጨዋነት።

ዘመዶቹ ግን ጨዋነት አላበዙም። እኛ ገደ ቢስ ሆንን። ልጅ ሊለምኑ ሄደው ልጅ ቀብረው መጡ ተባልን። ሌሎች ሽማግሌዎች ተመረጡ። ጋቢ የለ፣ ጧት የለ፤ ኮትና ከረባት አድርገው፣ ከሰዓት በኋላ፣ በመኪናው ውስጥ መዝሙር ከፍተው፣ ከመንደሩ መግቢያ ጀምሮ ጥርሳቸው እንዲታይ ተመክረው ሄዱ። አቶ ሱላሞ በር ከፈቱላቸው። ዓሣ ጠብሰው አበሏቸው። ሲስቁ አብረው ሳቁ። በመጨረሻም «እናንተ ጥሩ ሰዎች ናችሁ፤ ልጄ ግን ምናችሁም አይደለች» አሏቸው። «እነዚያ ያለቀሱላት ይምጡ።»

መልእክቱ ሲደርሰኝ አልጋ ላይ ነበርኩ፤ ወገቤ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን አንድ ነገር ከነከነኝና ጋሽ ሄላሞን አማከርኋቸው። እኛ እኮ ማልቀስ ስንጀምር ለእርሷ አልነበረም፤ ለማናውቀው አጥማጅ ነበር፤ እርሱም ደግሞ አልነበረም። ይህን ሳንነግራቸው ልጃቸውን መቀበል ደግ ነው ወይ? አልኳቸው። ጋሽ ሄላሞ አዘኑልኝ።

«መምህር» አሉ፣ «እንባው ደርሷል። አድራሻውን ምን አስጠየቀዎ?»

ሄድን። በዚህ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቆመን ጉዳያችንን ልንናገር ስንል አቶ ሱላሞ በእጃቸው ከለከሉን። ጉዳዩን ያውቁታል። ወይዘሮ አየለች አጠገባቸው ተቀምጠዋል። ከእርሳቸው በፊት የተናገሩት ወይዘሮ አየለች ናቸው፤ «እኔ አልቅሼላት ጨርሻለሁ፤ ለሠርጓ የሚሆን እንባ የለኝም፤ ይውሰዳት» አሉ። አቶ ሱላሞ ግን ወደ ሦስታችን ተራ በተራ አዩ።

«ሞተች ሲባል አብራችሁኝ ነበራችሁ» አሉ። «እንግዲህ ስትኖርም አብራችሁ ሁኑ። ከባሏ ብትጣላ እኔ ጋ አትምጣ፤ እኔ ሽማግሌ ደጄ ሲቆም ማየት አልችልም። እናንተ ጋ ትምጣ። እናንተው ጨርሱት።»

እሺ አልን። ምን እንላለን? ጋሽ ሄላሞ መረቁ፤ ጠብሰው ያቀረቡልን ዓሣ ቀዘቀዘ።

ተጋቡ። ጥሩ ባልና ሚስት ናቸው፤ ማለትም ይጣላሉ። እርሱ ጊምቢቹ እንግባ ይላል፣ እርሷ ሥራዬ ሆሳዕና ነው ትላለች። እርሱ የሌሊት ተራሽን ቀይሪ ይላል፣ እርሷ አንተ ራስህን ቀይር ትላለች። ከዚያ ይመጣሉ። ጋሽ ሄላሞ እንደሆኑ ሁልጊዜ ጉባኤ ላይ ናቸው። ሐጂ ከድር ደግሞ አከራያቸው ስለሆኑ መሀል መግባቱ ይከብዳቸዋል፤ «መምህር ጋ ሂዱ» ይሏቸዋል። ባለፈው ሳምንት የመጡበትን እንኳ አልነግራችሁም፤ ያሳፍራል። ሰምቼ፣ ተናግሬ፣ አስታርቄ ስሸኛቸው መሽቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ አመል አወጣሁ። ለቅሶ ቤት ስደርስ፣ ከመቀመጤ በፊት፣ በር ላይ የቆመውን ሰው «ማነው የሞተው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ነውር ነው ይላሉ። መምህር አረጁ፣ ወግ ጠፋቸው እያሉ ያሙኛል። ይሙኝ። አንድ ጊዜ ለማን እንደሆነ ሳላውቅ አልቅሼ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ባልና ሚስት አስታርቃለሁ።